ቤተ ሰብን ወደ ሩቅ ቀዬ ስለ ማዛወር

ሰው በምድር ላይ እንግዳና መጻተኛ እንደ ሆነ ቅዱሳት መጻሕፍት ያስተምሩናል። ይሁን እንጂ ብቻውን የሚጓዝ እንግዳና ሚስቱን ልጆቹን አስከትሎ የሚጓዝ እንግዳ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። መናኝ በረሓ ቢወርድ የሚራበው ራሱ ነው። የቤተ ሰብ አባት ግን በአንድ ቃሉ የብዙዎችን ዕጣ ይቈርጣል፤ ከእነዚህም መካከል ያልተጠየቁ፥ ቢጠየቁም ለመመለስ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናት አሉበት።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያስገደደን በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆቻችን ጉዳይ ነው። በዋሽንግተን፥ በሎስ አንጀለስና በመሳሰሉት ታላላቅ ከተሞች የቤት ኪራይ ስለ ከበደባቸው፥ ወይም ልጆቻቸው በከተማ ሁከት እንዳይጠፉባቸው ስለ ሠጉ፥ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል፥ ይኸውም በጆርጂያ፥ በአላባማና በሚሲሲፒ ገጠር ወደሚገኙ ትንንሽ ከተሞች ለመዛወር የሚያስቡ አሉ። «ብንሄድ ኃጢአት ይሆንብናልን?» ብለው የሚጠይቁንም አልታጡም።

መሄዱ ራሱ ኃጢአት አይደለም። አብርሃም ከአገሩና ከዘመዶቹ ተለይቶ ወጥቷል፤ ያዕቆብም በስተርጅናው ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ ግብፅ ወርዷል። የሚያጠያይቀው አካሄዱ ነው። ሎጥ ከአጎቱ በተለየ ጊዜ ዓይኑን አንሥቶ የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ ውኃ የጠገበ ምድር ስለ ነበረ መረጠው። ውኃ በመፈለጉ አንነቅፈውም፤ በግ ያለ ውኃ አይኖርም። ጥፋቱ ስለ ሣሩ ሲመረምር ስለ ሰዎቹ አለመመርመሩ ነው። አብርሃም ግን ድንኳኑን ከተከለ በኋላ መሠዊያ ሳይሠራ አይቀመጥም ነበር። ሎጥ በሰዶም መሠዊያ ሠራ የሚል ቃል በኦሪት አናገኝም።

እንግዲህ ያ የደቡብ ምድር ምን ዓይነት ምድር ነው? አየሩ ሞቃት፥ መሬቱ ለምለም፥ ቤቱም ከታላላቅ ከተሞች ዋጋ እጅግ የረከሰ ነው። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ አዲስ ጎረቤት በመጣ ጊዜ ምግብ ሠርቶ በር ማንኳኳት የቈየ ልማዱ ነው። ከስም ቀጥሎም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ?» ብሎ ነው። (ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው ባዕድ አይመስለንም።) ነገር ግን ያ ምድር ብዙ የሚያስታውሰው ነገር አለው። እስከ 1865 ድረስ ጥቁር ሰው እንደ ከብት ይሸጥበት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ዘርን ከዘር የሚለየው ሕግ እስከ 1964 ድረስ ጸንቶ ቈየ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከ1910 እስከ 1970 ባለው ዘመን ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ያን ምድር ትተው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተሰድደዋል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን የልጅ ልጆቻቸው እየተመለሱበት ነው። የእኛም ሰው ወደዚያ ሲገባ ወደዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ገባ ይወቅ።

ቤተ ሰብን ወደዚያ ገጠር ማዛወር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ክላረንስ ጆርዳን የሚባል የጆርጂያ ተወላጅ፥ እርሻን በዩኒቨርሲቲ፥ የሐዲስ ኪዳንን ጽርዕ ደግሞ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት የተማረ የባፕቲስት ሰባኪ፥ በ1942 ከባለቤቱ ከፍሎረንስና ከሌላ አንድ ባልና ሚስት ጋር ሆኖ በጆርጂያ ገጠር፥ አሜሪከስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ 440 ኤከር፥ በእኛ ልክ ከ4 ጋሻ የሚበልጥ መሬት ይዞ ተቀመጠ። የእርሻውንም ስም በጽርዕ ኮይኖንያ አለው፤ እኛ ሱታፌ የምንለው ነው። በዚያም ነጭና ጥቁር በአንድ ማዕድ እንዲበሉ አደረገ።

የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን በ1950 አባረራቸው። ከ1956 ጀምሮም የአገሩ ነጋዴ ዘርና ማዳበሪያ አንሸጥላችሁም አለ፤ በመንገድ ዳር ያቆሙት መሸጫ በፈንጂ ተመታ፤ ወደ ቤቶቻቸውም ጥይት ተተኰሰ። እነርሱ ግን ፒካን የሚባለውን ለውዝ መሰል ፍሬ በፖስታ ወደ ሩቅ አገር እየሸጡ ኖሩ። እስከዚህ ድረስ የተሸከሙት አባቶችና እናቶች ናቸው፤ ወደው የገቡበት ስለ ሆነ በትዕግሥታቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

ልጆቹስ? በ1960 የአሜሪከስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮይኖንያን ሦስት ልጆች አልቀበልም ስላለ ወላጆቹ ከሰሱ፤ የፌዴራል ዳኛም እንዲገቡ ፈረደ። ዳኛው በሩን አስከፈተ እንጂ የተማሪዎቹን ልብ ሊያስከፍት አልቻለም። ከዚያ እርሻ የመጣ አንድ ብላቴና የትምህርት ዘመኑን በስድብ፥ በምራቅና በመገለል ፈጽሞ በ1965 ተመረቀ። ከክፍሉ ልጆች አንዳንዶቹ የይቅርታ ደብዳቤ የጻፉለት በ2006፥ ይኸውም ከ41 ዓመት በኋላ ነበር።

እነዚያን ወላጆች በደለኞች አንላቸውም፤ ያደረጉት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የልጁ ቍስል በወላጆቹ መልካምነት ተሸፍኖ ሳይቈጠር እንዲቀር አንፈቅድም። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስም በልጅነታቸው ወደ አገራችን የመጡ ሳይመርጡ ነበር፤ እግዚአብሔር በእነርሱ ያደረገልንን እናውቃለን። ይሁን እንጂ እግዚአብሔር ከመከራ በጎ ነገር ማውጣቱ፥ ልጅን ሳያስብ ወደ መከራ የሚወስደውን አባት ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣውም።

ወደዚያው እርሻ በ1968 ልጆቻቸውን ይዘው የገቡ ሌላ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሚላርድና ሊንዳ ፉለር። ባልየው በአላባማ በንግድ የከበረ የሕግ ሰው ነበር። ሚስቱ ግን ሀብቱ ባሏን ስለ ወሰደባት በ1965 ትታው ወደ ኒው ዮርክ ሄደች፤ እርሱም ተከትሎ ሄዶ ታረቃት፤ ሀብታቸውንም ለመስጠት የተስማሙት በዚያን ጊዜ ሁለቱም ተነጋግረው ነው። ለድኾች ቤት የሚሠራውን ሃቢታት ፎር ሂውማኒቲን በ1976 የመሠረቱትም እነርሱ ናቸው። በዚህ ታሪክ ከቤቱ ብዛት ይልቅ እኛ የምናስተውለው አነሣሡን ነው፤ ነገሩ የተጀመረው በሚስት ብሶት፥ የተቈረጠውም በሁለት አፍ ነው።

በመጽሐፈ ሩት መጀመሪያ ላይ የምናገኘው አቤሜሌክ ግን በረኃብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ሲወርድ ኑኃሚንን አማክሮ እንደ ሆነ አልተጻፈም። እርሱ ሞተ፤ ሁለቱ ልጆቹም ሞቱ፤ መራራውን የጠጣችው እርሷ ናት። እርሱ እንኳ እንጀራ ፍለጋ መውረዱ የታወቀ ነው። በዘመናችን የምንፈራው ከዚህ የባሰውን ነው፤ ይኸውም ኪራይ ሸሽቶ የሚሄድ አባት «እግዚአብሔር ላከኝ» ሲል ነው። እንጀራ ፍለጋ ነው ካለ ሚስቱ ልትሟገተው ትችላለች፤ ደመወዙን፥ ትምህርት ቤቱን፥ ሐኪም ቤቱን አብራው ትቈጥራለች። እግዚአብሔር አለኝ ካለ ግን የእርሷ ክርክር ከፈጣሪ ጋር መጣላት ይመስላል፤ ዝም ትላለች። የእግዚአብሔርን ስም የቤት ሰውን አፍ ለመዝጋት መጥራት ስሙን በከንቱ ከመጥራት አይለይም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ልትቈጥረውም የሚገባት ብዙ ነው። ከ2010 ወዲህ በአሜሪካ ገጠር ከ100 በላይ ሆስፒታሎች ተዘግተዋል ወይም በሽተኛ ማስተኛት አቁመዋል፤ ብዙዎቹም በደቡቡ ክፍል ነበሩ። ለነፍሰ ጡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእኛ ምእመናን ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ከአሜሪከስ እስከ አትላንታ፥ አብያተ ክርስቲያናችን ወዳሉበት ከተማ፥ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን መጠመቅ አለባቸው። ለቅዳሴ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉና አንድ ካህን ቤት ድረስ ቢመጣ እንኳ ጸሎት ያደርሳል፥ ንስሓ ይቀበላል እንጂ ብቻውን ሊቀድስ አይችልም። የነፍስ አባት ምክር በስልክ ይደርሳል፤ ሥጋ ወደሙ ግን በስልክ አይደርስም። ልጁ ግእዙን፥ ጾሙን፥ ስግደቱን የሚያየው ከአባትና ከእናቱ ብቻ ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ዓርብ ቀን ሥጋ ለምን እንደማይበላ ሲጠየቅ ከጎኑ የሚቆም ሌላ ልጅ አይኖረውም።

ይህን ሁሉ ቈጥረው የሚሄዱትን አንከለክልም። አስቀድመው ግን ባልና ሚስቱ አብረው ወርደው አንድ የጾም ወራት ያህል ቢቀመጡ፥ ወደ ቅዳሴ የሚወስደውንም መንገድ በሌሊት ተነሥተው ቢሞክሩት፥ ከጎረቤትም ጋር ቢተዋወቁ መልካም ነው። ልጆቹም ነፍስ ያወቁ እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱን አይተው የተሰማቸውን ይናገሩ። ሚስቲቱ አይታ «አልችለውም» ያለች እንደ ሆነ፥ አባት ሆይ፥ ኪራዩን እየከፈልህ ባለህበት ቈይ።