ልባሽ ጨርቅና የተዘጋ በር

ነፃ ንግድ ይሻላል ወይስ በቀረጥ የታጠረ ገበያ? በምንማርባቸው አዳራሾች ጥያቄው የሚቀርብልን እንደ ሒሳብ ነው። ሪካርዶ በ1817 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፉ፣ ፖርቱጋል ወይኑን በ80፣ ጨርቁን በ90 ሰው ጉልበት፣ እንግሊዝ ደግሞ ወይኑን በ120፣ ጨርቁን በ100 ሰው ጉልበት ቢያመርቱ፣ ፖርቱጋል በሁለቱም የምትበልጥ ብትሆን እንኳ ወይን ብቻ ጠምቃ ጨርቁን ከእንግሊዝ ብትገዛ ሁለቱም አገሮች እንደሚጠቀሙ አስረዳ። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሥራውን የተወው ፖርቱጋላዊ ሸማኔ በማግስቱ ምን እንደሚበላ፣ እንግሊዝም በጨርቅ ሥራ በምን መንገድ እንደ በረታች አይነግረንም።

መንገዱ የታወቀ ነው። ቀለም የታተመበት የሕንድ የጥጥ ጨርቅ ገበያዋን ባጥለቀለቀው ጊዜ፣ እንግሊዝ በ1700 ወደ አገር መግባቱን፣ በ1721 ደግሞ አብዛኛውን መልበሱን ጭምር በሕግ ከለከለች። የእህል ሕጎቿን ሽራ የነፃ ንግድ ሰባኪ የሆነችው በ1846 ነው፤ ያን ጊዜ ፋብሪካዎቿ የሚፎካከራቸው አልነበረም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሊስት በ1841 ይህን ጠባይ በመሰላል ወጥቶ መሰላሉን ከሚገፈትር ሰው ጋር አመሳስሎታል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚለን አይጠፋም። እንግዲያው ወደ ዘመናችንና ወደ አካባቢያችን እንምጣ። በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች ልባሽ ጨርቅ፣ የእኛ ሰው ሳልባጅ የሚለው፣ ቀስ በቀስ ከገበያቸው እንዲወጣ ተስማሙ። ሩዋንዳ በዚያው ዓመት ቀረጡን በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 ዶላር አወጣችው። በ2017 የአሜሪካ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር 40,000 የአሜሪካ የሥራ ቦታዎች አደጋ ላይ ወድቀዋል ሲል ለመንግሥቱ አቤት አለ። በ2000 የወጣው አጎዋ የተባለው ሕግ የአፍሪካን ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ሲያስገባ ከሚጠይቃቸው ግዴታዎች አንዱ፣ ተጠቃሚዋ አገር በአሜሪካ ንግድ ላይ መሰናክል እንዳታቆም ነበርና፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ አፈገፈጉ። ሩዋንዳ ግን ጸናች፤ በ2018 ሐምሌ ላይ የልብስ ምርቷ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመግባት መብቱን ተነጠቀ። በዛቻ የሚከፈት በር ነፃ ሊባል የሚችለው በምን ቋንቋ ነው?

ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ሁሉ ሙግት የተነሣበት ዕቃ ነው። ልብሱ ሲጀመር ምጽዋት ነበር። እኛ ራሳችን በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች በየመንገዱ ማዕዘን በቆሙት ሣጥኖች የጠበበንን ሸሚዝ ስንጥል ለድሃ የሰጠን ይመስለናል። አብዛኛው ግን ይለያል፣ ይመዘናል፣ በቦንዳ ታስሮ ይሸጣል፤ ሞምባሳ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ዕቃ ሸቀጥ ነው። የጥጡንም፣ የስፌቱንም ዋጋ ፊተኛው ለባሽ ከፍሎ ጨርሶታል። በሪካርዶ ሠንጠረዥ ላይ 80 እና 90፣ 100 እና 120 አሉ፤ ዜሮ ግን የለም። የኪጋሊ ልብስ ሰፊ እንዲወዳደር የተጠየቀው ከዚህ ዜሮ ጋር ነው።

ስለዚህ ሩዋንዳ በሯን የመዝጋት መብት ነበራት እንላለን። ነገር ግን መብቱን አውቀን ብቻ አጨብጭበን አንቀመጥም፤ የመዝጊያውን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? በቀን ሥራ የሚያድረው ሰው ሸሚዙን በውድ ገዛ። ቦንዳ ፈትተው በችርቻሮ ይኖሩ የነበሩ ሴቶች መተዳደሪያቸውን አጡ። ለአገር ውስጥ ስፌት ተብሎ ከተለቀቀው ቦታም ብዙውን ርካሽ አዲስ የቻይና ልብስ ያዘው፤ ቦንዳውም በድንበር በኩል በኮንትሮባንድ መግባቱን ቀጠለ። የሚኒስትሩ ሱፍ ግን አልተወደደም። በአገራችንም ሳልባጅ ለንግድ እንዳይገባ ተከልክሎ ሳለ መርካቶ ውስጥ መሸጡን የማያውቅ የለም፤ ክልከላው የጠቀመው ሸማኔውን ነው ወይስ የኮንትሮባንድ ነጋዴውን? ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

እንደ እኛ አስተሳሰብ በቀረጥ መጠበቅ ከድሃው የሚወሰድ ብድር ነው። ብድር ከሆነ ደግሞ መጠኑና መመለሻ ቀኑ ለአበዳሪው ሊነገረው ይገባል፤ በተሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ መካስ ያለባትም ድንኳኗን ያጠፈችው ቸርቻሪ ናት። ለስንት ዓመት እንደሚቆይና የትኛው ፋብሪካ ምን ሠርቶ እንደሚያሳይ ሳይነገር የተጣለ ቀረጥ ለባለፋብሪካው የሚገበር ግብር ይሆናል። ከጓዶቻችን አንዳንዶቹ ይህ ሒሳብ ነፃ ካወጣነው መንግሥት በኋላ የሚታይ ዝርዝር ነው ይሉናል። አንስማማም። የአሜሪካው ማኅበር አቤት የሚልበት ቢሮ ዋሺንግተን ውስጥ አለው፤ ባለፋብሪካውም የሚኒስትሩን በር ያውቀዋል። ቸርቻሪዋ ግን እስከ ዛሬ የምታንኳኳው በር የላትም።