«ቤት የለኝም» ብለህ ለፈረምኸው

ቅጹን አልረሳኸውም። ስምህን ከነአያትህ ጻፍህ፤ የመታወቂያ ቁጥርህን ሞላህ፤ ከታች በኩል በአንተም ሆነ በባለቤትህ ስም በአዲስ አበባ ቤት ወይም የቤት መሥሪያ ቦታ እንደሌለ አረጋግጠህ ፈረምህ። እጅህ አልተንቀጠቀጠም። በዚያች ሰዓት፣ በእህትህ ስም ባዞርኸው ቤት ውስጥ፣ ተከራይህ ቡና እያፈላች ነበር።

ስለ ቤት ጉዳይ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚወቀሰው ማህተም የያዘው ሹም ነው። ይገባዋል፤ ወደ እሱም እመለሳለሁ። አንተ ግን ከእኛው ጋር ተቀምጠህ ሹሙን እያማህ፣ ማንም ሳይነካህ ኖረሃል። ዛሬ የምናገረው ለአንተ ነው።

ፊርማህ ምን ላይ እንዳረፈ ልንገርህ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት። ከዚያ ወዲህ በቀበሌ ቤት የሚኖር ድሃ ካርታ የሚባል አያውቅም፤ ያለው ፋይል ነው። የኪራይ ውል፣ የደረሰኝ ጉራጅ፣ የቤተሰቡ ስም የሰፈረበት ቅጽ፣ መታወቂያ። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ግድግዳው ቢያዘነብል፣ ፋይሉ እስካለ ድረስ ቤት አለው። ፋይሉ የጠፋ ቀን ልጆቹን በወለደበት ቤት ውስጥ እንግዳ ይሆናል። አንተ የቀለድህበት ወረቀት የእሱ ምሰሶ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቱም የቆመው በዚሁ ወረቀት ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. መዝገቡ ዳግም ሲከፈት ቁጥሩ ወደ ሚሊዮን ተጠጋ። ለባለ አንድ መኝታ የተመዘገበች ሴት በየወሩ 274 ብር በንግድ ባንክ ልትቆጥብ ተስማማች። ይህ ገንዘብ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርት ለምትቸረችር እናት ምን ማለት እንደሆነ አንተ አታውቀውም፤ የልጅ ጫማ ነው፣ የወር ዘይት ነው። ቤቱ ከሰዉ ቁጥር እጅግ ስለሚያንስ የሚለየው ዕጣ ሆነ። ዕጣ ደግሞ ዕጣ የሚሆነው የገባው ስም ሁሉ ቤት የሌለው ሰው ስም ሲሆን ነው። ስምህን በጨመርህ ጊዜ መንግሥትን ያታለልህ መስሎህ ተደስተህ ይሆናል። መንግሥት ምን ጎደለበት? አንድ ቤት ነበረው፣ ለአንድ ሰው ሰጠ። የጎደለባት ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ናት።

የፍቺውን ነገር በዝምታ ልለፈው ብዬ አልሆነልኝም። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ይድረሰው የሚለውን ደንብ ለመዝለል ስንቱ ባልና ሚስት ዳኛ ፊት ቆሞ «መለያየት እንፈልጋለን» እንዳለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በስምምነት መፋታትን ፈቅዷል፤ ሲፈቅድ ግን ስምምነቱ ከልባቸውና በነጻ ፈቃዳቸው የመነጨ መሆኑን ዳኛው እንዲያረጋግጥ አዝዟል። እናንተም አረጋገጣችሁለት። ዳኛው ጠየቀ፤ ባለቤትህ አንገቷን ደፍታ «አዎ» አለች፤ ዳኛው ጻፈ። ከችሎቱ ወጥታችሁ በአንድ ታክሲ ቤታችሁ ገባችሁ፣ ማታም ከአንድ ትሪ በላችሁ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያሰረውን፣ ዘመድ ከገጠር ድረስ መጥቶ የመረቀውን ትዳር በስቱዲዮ ቤት ለወጣችሁት።

የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «የወረቀት ፍቺ እኮ ነው» ትላላችሁ። ወረቀቱ ቀልድ እንዳልነበረ የሚገባችሁ ቆይቶ ነው። ቤቱ ሲወደድ፣ በመካከላችሁ እውነተኛ ጸብ ሲገባ፣ ያ የቀልድ ውሳኔ ከመዝገብ ቤት አቧራውን አራግፎ ይወጣል። ሚስት «አብረን ያፈራነው ነው» ብላ ስትጮህ ባል የፍቺውን ቀን ያሳያል። አይ፣ እኔ እንዲህ አላደርግም ትለኝ ይሆናል። ለዳኛ የዋሸ አፍህን ሚስትህ በምን ትመነው?

የአንተው ቢጤ ደግሞ አለ፤ በእውነት ቤት አልነበረውም፣ በእውነት ቆጠበ፣ ዕጣም ወጣለት። እስከዚህ ድረስ እንኳን ደስ ያለው። የዕጣ ቤት ግን 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፤ ደንቡ እንዲህ የተጻፈው ቤቱ መኖሪያ ሆኖ እንዲቀር፣ ሸቀጥ እንዳይሆን ነው። እሱ ቁልፉን ሳይረከብ ገዢ አግኝቷል። ሽያጩን በውክልና ጠቀለለው፤ ገዢው «ያስተዳድርልኛል» የተባለ ወኪል ሆኖ ገባ። የቀበሌውን ቤት ማስረከብ ነበረበት፤ እሱንም አላስረከበም። ለአሥርተ ዓመታት ብዙም ሳይነካ በኖረው በዚያ የቀበሌ ኪራይ እየከፈለ፣ ውስጡ ደባል አስገብቶ የዘመኑን ኪራይ ይቀበላል። የከተማው አስተዳደር በ2013 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት በሕገወጥ መንገድ የተያዙ ኮንዶሚኒየሞች ከ20 ሺህ በላይ ናቸው። ሃያ ሺህ በር! ከእያንዳንዱ በር ጀርባ አንድ ውሸት የፈረመ እጅ አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለራሴ ጉዳይ አንድ የወረዳ ቤቶች ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንዲት እማማ ቆመዋል። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ የቀበሌው ውል በሟች ስም ነው፤ ወደ እሳቸው ስም እንዲዛወር ነበር የመጡት። ደረሰኙን አወጡ፣ ቅጹን አወጡ፣ የሞት የምስክር ወረቀቱን አወጡ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ጠየቃቸው።

«ልጄ፣ ያጋቡኝ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም አልፈዋል» አሉት።

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተጋባ ሰው ጋብቻውን በምስክር ማስረዳትን ሕጉ አይከለክልም። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ወይም ያውቃል። «ያለ እሱ አይሆንም፣ ሰኞ ይመለሱ» አላቸው። እማማ ወረቀታቸውን አንድ በአንድ አጣጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱ። ያን ያህል ጊዜ ሲወስድባቸው ሰልፈኛው አጉረመረመ፤ እኔም ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ ነበርሁ፣ አልዋሽም። ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ ደግሞ በስልክ ለጓደኛው ያላገባ ማስረጃ ማውጣት እንዴት ቀላል እንደሆነ ያስረዳ ነበር። ቀለበቱ ጣቱ ላይ ነው።

ያ ልጅ እማማን ለምን እንደዚያ እንዳጠበቀባቸው ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ክፋት ብቻ አይመስለኝም። ሐሰተኛ ወረቀት ሲያልፍበት የኖረ መስኮት እውነተኛውንም ማመን ያቆማል። አንተ በሐሰት የነዋሪነት መታወቂያ ስታወጣ መሥሪያ ቤቱ መሸኛ ጨመረ። በሐሰት መሸኛ ስትመጣ ሦስት ምስክር ጨመረ። ምስክሮቹን ከበር ላይ በሻይ ቡና ስትገዛ ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ማህተም ጨመረ። የተጨመረው ሁሉ አንተን አላገደህም፤ ጉዳይ ገዳይህ በጓሮ ያስጨርስልሃል። እማማ ጉዳይ ገዳይ የላቸውም። አንተ የፈጠርኸውን ዳገት የሚወጡት በሚያነክስ ጉልበታቸው እሳቸው ናቸው።

አንተ ሹም፣ እመለሳለሁ ብዬህ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በወጣው 14ኛው ዙር ዕጣ ላይ ቁጠባቸውን ያላሟሉ ሰዎች ስም ገብቶ ተገኘ፤ ዕጣው ተሰርዞ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ወጣ። ዕጣ የሚያወጣው ኮምፒዩተርም ሰው የነገረውን ነው የሚናገረው። ቤት ያለውን ሰው በስሙ፣ በሰፈሩ፣ በመኪናው ታርጋ ታውቀዋለህ፤ «ወረቀቱ የተሟላ ነው» ብለህ ታልፈዋለህ። ቤት የሌላትን ደግሞ ዓይንህ እያየ «ወረቀቷ አልተሟላም» ትላለህ። ከወንበርህ ተነሥተህ አንድ በር አንኳኩተህ ታውቃለህ? የሚኖርበትን ሰው ስም ጠይቀህ ከመዝገብህ ጋር አመሳክረህ ታውቃለህ? ደመወዝህ ለዚህ ነበር።

ወደ አንተ ልመለስ። «ሁሉም ያደርገዋል» ልትል ነው። እማማ አላደረጉትም፤ ሽንኩርት ቸርቻሪዋም አላደረገችውም። «ሹሙ ራሱ ይበላ የለም ወይ» ልትል ነው። እሱ የበላውን እሱ ይመልሳል፤ የአንተ ፊርማ ግን የአንተ ነው። «ለልጆቼ ብዬ ነው» የምትለው ከሁሉም ያሳፍራል። ልጅህ የዕጣውን ቀን ያስታውሳል። እልል ስትሉ አይቷል፤ አባቱና እናቱ ለምን እንደተፋቱም ጠይቆ «ዝም በል፣ ለሰው እንዳትናገር» ተብሏል። ከሰጠኸው ቤት በፊት የሰጠኸው ውርስ ይህ ነው።

አንተ ደግሞ ዕጣህን በውክልና የሸጥኸው፣ ገንዘቡን በልተኸዋል፤ በዚያ ሕግ ይጠይቅህ። ያላስረከብኸው የቀበሌ ቤት ግን አሁንም በእጅህ ነው። ቁልፉ ከመኪናህ ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ ኪስህ ውስጥ ነው። ወረዳው ጠዋት 2፡30 ይከፈታል። ሰው ሳይበዛ ሂድና አስረክብ፤ ለማስረከብ ያላገባ ማስረጃ አይጠይቁህም።