የእናት ደስታና የጎረቤት እንባ

ምእመናን ሆይ! ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ፣ ኋላም ፊደል ለይቶ ዳዊት ሲደግም፣ እናቱ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ጠርታ መምህሩን ብታከብር የተገባ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና ገና ልጅ ሳታገኝ፣ በሴሎ በበዓል ማዕድ ፊት ፍናና ስታስቆጣት እህል ሳትቀምስ ታለቅስ ነበር (1ኛ ሳሙ. 1፥7)። እናት ሆይ፣ ልጄ እንዲህ ሆነልኝ በምትዪበት ማዕድ ዳር እጇን ሰብስባ የተቀመጠች ትኖር ይሆን? ሐና ወልዳ ጡት ባስጣለች ጊዜ ደስታዋን የገለጠችው ልጁን ለቤተ እግዚአብሔር በመስጠት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ ሰፍታ ትወስድለት ነበር። (የሚያድግ ልጅ ነውና ልኩን በግምት ሳትሰፋው አልቀረችም!) እንግዲህ በግብዣሽ ቀን ያችን ጎረቤትሽን አስቀድመሽ ጥሪያት፤ ልጅሽም ዳዊቱን ለእርስዋ ይድገምላት።