በበጋ የማይቆመው «ቋሚ»

አንድ ሰው በጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ግቢ ያለው ቤት ተከራየ እንበል። ከአጥሩ ሥር ደረቅ አፈርና ጥቂት የጠወለገ አገዳ እንጂ ሌላ አይታየውም። ጎመን ሊተክልበት አስቦ በዶማ ይቆፍረዋል፤ ወፍራም ሥር ሲወጣም ወደ ቆሻሻው ይወረውረዋል። ያ ሥር እንሶስላ ነበር። ሰውየው እንሶስላን አያውቅም እንዳይባል፣ የእህቶቹ እጅና እግር በበዓል ዋዜማ ቀልቶ ያየው በዚሁ ሥር ነው። ለመሆኑ ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም?

በግብርናው ቋንቋ፣ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ተክል «ቋሚ» ይባላል። ቃሉ ግን ያሳስታል። እንሶስላ በበጋ አይቆምም፤ ቅጠሉና አገዳው ጠፍተው ሥሩ ብቻ ከመሬት በታች ይቀራል። ክረምት ሲገባ ያው ራሱ ይነሳና ጉሮሮው ሐምራዊ የሆነ ነጭ አበባውን ያወጣል። አደይ አበባ ከዚህ ይለያል። መስከረምን ያደመቀው አደይ ዘሩን በትኖ ይሞታል፤ በዓመቱ የሚመጣው ልጁ ነው። ስለዚህ አደይን ለመተዋወቅ አንድ መስከረም ይበቃ ይሆናል። ከእንሶስላ ጋር ግን በማይታይባቸው ወራት ጭምር አብሮ መክረም ያስፈልጋል።

ስሙን ከመጽሐፍ ማግኘትስ አይበቃም? ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በየግቢው የሚታየውን ነጩን ካላ ሊሊ እንውሰድ። የስዊድኑ የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «ኤቲዮፒካ» በሚል ቅጽል መዝግቦታል። የተክሉ ትውልድ አገር ግን ደቡብ አፍሪካና አካባቢዋ ነው፤ የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት በዚህ ስም ሰፊውን የአፍሪካ ምድር ይጠሩ ነበርና። በስሙ የኮራ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ኩራቱን ለጎረቤት ይመልስ! እንደ ነጠላ የተጠቀለለው ነጩ ክፍልም አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች መካከል ላይ ባለው ቢጫ ዘንግ ዙሪያ የታጨቁት ደቃቃዎቹ ናቸው። ይህን ለማየት ጎንበስ ማለት ግድ ይላል። ይሁንና መጽሐፉን መናቅ አይገባም፤ የካላ ቅጠል ሲታኘክ አፍንና ጉሮሮን እንደሚያቃጥል ለሕፃናት ወላጅ ቀድሞ የሚነግረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። በየስድስት ወሩ ቤት የሚለቅ ተከራይ ዓመት ሙሉ ጠብቅ ቢባል ከየት ያመጣል? ጎመኑ ለልጆቹ ምግብ ነው፤ እንሶስላው ግን የማያውቀው ሰው ትዝታ ነው። ምናልባት የተከለችውም ሴት ተከራይ ነበረች፤ ምናልባት ሲያብብ ሳታየው ለቃ ሄዳለች። ለሌለ ሰውና ለማይታይ አበባ ዕዳ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ እንዲህ ዶማ በተያዘበት ሰዓት ይመጣል። ሙሉ ዕውቀት ከሰውየው አይጠበቅም፤ ዓመቱን ያልጨረሰ ሰው ሊኖረው አይችልም። የሚጠበቅበት «ደርቋል» ብሎ ከመፍረዱ በፊት አጥር ተሻግሮ መጠየቅ ነው። ጎረቤት ያሉት አሮጊት ያንን ጥግ በስንት ክረምት አይተውታል። መሬቱም ቢሆን ለጎመኑና ለሥሩ አይጠብም፤ ከቆሻሻው ላይ አንስቶ አንድ ክንድ ፈንጠር አድርጎ መልሶ መቅበር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ሥሩ ፀሐይ ሳያደርቀው ከተደረሰበት።