የማንበላት ጥንቸልና የምድር ዕረፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጥንቸል በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ማዕድ አትቀርብም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ጋር ተቆጥራለች፤ አባቶቻችንም ይህን ሥርዓት ጠብቀው ለእኛ አስተላልፈዋል። ከዚህ የተነሣ «አናርዳትም፥ አንበላትም፤ ታዲያ በእርሷ ላይ ምን በደል አለብን?» እንል ይሆናል። ነገር ግን ፍጥረት የሚጠፋው በቢላዋ ብቻ አይደለም። ቤቱን ያፈረሰበትም ሰው ሕይወቱን ወስዶበታል።

የጥንቸል ቤቷ ቁጥቋጦ ነው። የሀገራችን ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍራ አትኖርም፤ ቀን ከቁጥቋጦ ወይም ከረጅም ሣር ሥር ተጋድማ ትውላለች፥ ሲመሽ ለግጦሽ ትወጣለች። ግልገሎቿ ጠጉር ለብሰው፥ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ፤ እናታቸውም ጠላት እንዳያገኛቸው ከሽፋኑ ውስጥ ትታቸው ትርቃለች፥ ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች። እንግዲህ ቁጥቋጦው ሲመነጠር ወይም ሲቃጠል ወዴት ይሸሻሉ? ቆቁና ሚዳቋውም መጠለያቸው ያው ቁጥቋጦ ነው። በደጋው ምድራችን የምትኖረው ጥንቸል ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር አትገኝም፤ ከእኛ ዘንድ ከጠፋች ከየትም አትመጣልንም።

«እንጨት ለቅሞ የሚያድር ድሃስ ምን ያድርግ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። በየማለዳው ጭራሮ ተሸክመው የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚያ ነው። ለጥንቸል ስንል እነርሱን ብንረሳ ጽድቅ አይሆንልንም። እግዚአብሔር ግን ሁለቱን አልለያቸውም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 እንደምንማረው፥ ስድስት ዓመት የተዘራች ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ፥ ድሆችም ከእርሷ እንዲመገቡ፥ ከእነርሱ የተረፈው ለዱር አራዊት እንዲሆን አዝዟል። ሰንበት ለሰው ብቻ አልተሰጠም፤ ለምድርም ተሰጥቷል። በዚያም የዕረፍት ማዕድ ድሃና አውሬ አብረው ተጠርተዋል።

ምድርን ማሳረፍ ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያህል ከማጨድና ከብት ከማሰማራት ታቅቦ ይቆይና፥ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣርና ማገዶውን በሥርዓት ይወስድ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ክዳን አላጣም፤ ጥንቸሏ፥ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም መጠጊያ አላጡም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የቄሮ ሥርዓት ቢፈርስም፥ የአካባቢው ሕዝብ ጓሳን ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ይጠብቀዋል።

እኛስ ምን እናድርግ? በማሳችን ድንበር ያለውን ቁጥቋጦ እንተውለት። ማገዶ ስንቆርጥ ቦታውን ከፋፍለን፥ አንዱን ወገን እያሳረፍን፥ ሥሩን ሳንነቅል እንቁረጥ። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ያለውን ቁጥቋጦ በጽዳት ስም ጨርሰን አንመንጥር። ግልገል ብናገኝ «እናቷ ጥላታለች» ብለን አናንሣት፤ ውሻም አንልቀቅባት። በየደጃችን ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ተክለን፥ ለመልቀም አቅም ላነሳቸው አረጋውያን እናካፍል።

ለምናርደው በግ መጨነቅ ለራስ ሆድ መጨነቅ ሊሆን ይችላል። ከእርሷ ምንም ለማናገኝባት ጥንቸል ማዘን ግን ስለ ፈጠራት አምላክ ብቻ የሚደረግ ርኅራኄ ነው። ፍቅራችን የሚፈተነውም በዚህ ነው።

ለሰውም ለእንስሳም ምግብን የሚሰጥ አምላክ ልቡናችንን ያራራልን፤ ምድራችንንም በምሕረቱ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።