የቃሉ ቁልፍ

አንድ ቃል ከሚለው ሌላ ነገር ሲያመለክት ውሸት ይሆናልን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ በስቶክሆልም፣ በአንድ የክረምት ምሽት፣ በብሪጅ ጠረጴዛ ላይ የተነገረ አንድ ቃል ነው።

ብሪጅ ሁለት ሁለት ሆነው የሚገጥሙበት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ካርታው ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ። እኔ «አንድ ዳይመንድ» ብዬ ከፈትሁ፤ በግራዬ ያለው ተጋጣሚ «አንድ ስፔድ» አለ፤ አጋሬም «ደብል» አለ። የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም «አትወጡትም፤ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን» ነው። በእኛ ስምምነት ግን «ቢያንስ አራት ልብ ይዣለሁ፤ ጨረታውን ቀጥል» ማለት ነበር። ይህን ስልት ያበጀው አሜሪካዊው አልቪን ሮት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየቶች ባመጠቋት ሳተላይት ስምም «ስፑትኒክ» ተብሎ ነበር።

በቀኜ የተቀመጡት ስዊድናዊት አሮጊት «የአጋርዎ ደብል ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የተለመደው ነው» አልኋቸው።

ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የተለመደው የእኛው ነውና አልዋሸሁም። እርሳቸው የለመዱት የጥንቱን መሆኑን ግን አውቅ ነበር። አመኑኝ፤ ተሳሳቱ፤ አሸነፍን።

እኛ ሰምና ወርቅ ያሳደገን ሰዎች ነን። በደርግ ዘመን እናቴ «ወንድምህ ታሟል» ብላ ከጻፈችልኝ ታስሯል ማለቷ ነበር። ደብዳቤውን በመንገድ የሚከፍት ሰው ቁልፉን የመጠየቅ መብት አልነበረውም፤ ስለዚህም ዛሬ አልጸጸትም።

ታዲያ ስለ አሮጊቷ የምጸጸተው ለምንድን ነው? የብሪጅ ሕግ ካርታህን ደብቅ ይላል፤ ከአጋርህ ጋር የምትነጋገርበትን ቋንቋ ግን ከተጋጣሚህ እንድትደብቅ አይፈቅድም። ጠያቂዬ በአንድ ሕግ ሥር፣ ከእኔ ጋር እኩል ተቀምጠው፣ በግልጽ ጠየቁኝ። ኃጢአቱ ቃሉ ከትርጉሙ በመራቁ አይደለም፤ ቁልፉን ከባለመብቱ በመከልከል ነው።

እናቴ ከአሳሪ የሸሸገችበትን ጥበብ እኔ በሰላም አገር፣ በሰላም ሰው ላይ አዋልሁት። ከፍርሃት የተማርነው ልማድ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም ከእኛ አይለይም፤ ጠላትንና ጎረቤትን መለየትም አያውቅም። በስብሰባችን፣ በትዳራችን፣ እዚህ በተወለዱ ልጆቻችንም ፊት እንናገርበታለን።

በሳምንቱ ለአሮጊቷ እውነቱን ነገርኋቸው። ሣቅ ብለው ካርታውን ማደል ጀመሩ። እኔ ግን ማታ ቤቴ ስገባ፣ ልጄ «አባዬ፣ ምን ማለትህ ነው?» እያለ የጠየቀኝንና «የተለመደው ነው» ብዬ ያለፍሁትን ሁሉ እቆጥር ነበር።