በአንድ ነጥብ

«ጋሼ፣ በአንድ ነጥብ አመለጠኝ።»

የጎረቤቴ ልጅ ናት። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብላ ቆይታ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ነው ነገሩን ያወጣችው። ከልጅነቷ ስትመኘው ለኖረችው የትምህርት ክፍል ውጤቷ አንድ ነጥብ ጎደለው። ጥፋተኛውንም ለይታለች፤ የመጨረሻውን ፈተና ያረመው መምህር አንድ መልስ ላይ ጨክኖባታል። ስሙን ስትጠራ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ ስኒውን እያጠበች «ከክፉ ሰው ይሰውርሽ» ትላለች።

እኔ አርባ ዓመት መኪና ሥር ተጋድሜ የኖርኩ መካኒክ ነኝ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምደባ የማውቀው ነገር የለም። በአንድ ነጥብ ስለተሸነፈ አንድ ሰው ግን ብዙ አስቤአለሁ። ለሷ የነገርኳትን ለእናንተ ለእኩዮቿም ልንገራችሁ። ወሬዬ የመኪና ወሬ ነው፤ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ጥቅምት 23 ቀን 2001 ዓ.ም. እሑድ ማታ ነበር። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2 ቀን 2008 መሆኑ ነው። የወንድሜ ልጅ የፌራሪ ደጋፊ ስለሆነ የዓመቱን የመጨረሻ የፎርሙላ ዋን ውድድር ለማየት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን ተቆጣጠረው። ባለ አንድ ወንበሮቹ መኪኖች የሚሽከረከሩት በብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ኢንተርላጎስ በሚባለው መንገድ ላይ ነው። ሳኦ ፓውሎ ደግሞ ፌሊፔ ማሳ የተወለደበት ከተማ ነው። የማክላረኑ ሉዊስ ሃሚልተን በ94 ነጥብ ይመራል፤ የፌራሪው ማሳ 87 አለው። በዚያ ዘመን አንደኛ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ 8፣ ከዚያ 6፣ 5፣ 4 እያለ እስከ ስምንተኛ ድረስ ይሰጣል። ማሳ ቢያሸንፍ እንኳ ሃሚልተን አምስተኛ ከወጣ ዋንጫው የሃሚልተን ነው። ስድስተኛ ከወጣ ነጥባቸው እኩል ይሆንና ብዙ ውድድር ያሸነፈው ማሳ ይወስዳል።

ማሳ የሱን ድርሻ ተወጣ። ከፊት ተነስቶ ከፊት ጨረሰ። ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ዝናብ ወረደ፤ አብዛኞቹ ገብተው የዝናብ ጎማ አሰሩ፤ የቶዮታው ቲሞ ግሎክ በደረቅ መንገድ ጎማው መቀጠሉን መረጠ። ከዚያ ያኔ ገና ወጣት ሹፌር የነበረው ፌትል ሃሚልተንን አለፈውና ሃሚልተን ስድስተኛ ሆነ። ማሳ መስመሩን አቋረጠ። በፌራሪ ጋራዥ ውስጥ አባቱና ዘመዶቹ እየተቃቀፉ ዘለሉ። የወንድሜ ልጅም እኔን አቅፎ ዘለለ፤ ወገቤ አስታወሰኝ። ካሜራው ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ሃሚልተን በመጨረሻው ዙር፣ ወደ መጨረሻው ቀጥታ በሚያወጣው መታጠፊያ ላይ፣ እየተንሸራተተ የሚጓዘውን ግሎክን አልፎ አምስተኛ ገባ። በማሳና በሱ መሃል ያለፈው ከ38 ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ያ ቤተሰብ የዓለም ሻምፒዮን ቤተሰብ ሆኖ የቆየው ለዚያች ያህል ነው። 98 ለ97።

ልጁ ሪሞቱን ወርውሮ «ግሎክ ሸጠን!» አለ። ይህንን ያለው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ግሎክ ለዓመታት በዚህ ተሰድቧል። እኔ ግን ጎማ አውቃለሁ። ለደረቅ መንገድ የተሠራ ጎማ ውሃውን የሚያወጣበት በቂ ቦይ የለውም፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጭራሽ መንገድ አይዝም። የግሎክ የቡድን ጓደኛ ትሩሊም በዚያው ጎማ ቀርቶ እንደሱው ሲንፏቀቅ ነበር። ሰውየው የሸጠው ነገር የለም፤ መኪናውን መንገድ ላይ ለማቆየት ይታገል ነበር።

ታዲያ ያቺ አንድ ነጥብ የት ሄደች? ለልጁ የዚያን ማታ ልነግረው ሞክሬ አልሰማኝም። የጎረቤቴን ልጅ ግን ወረቀት አምጪ አልኳትና ከመጀመሪያው ቆጠርን።

ማርች ላይ፣ ሜልበርን። ማሳ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተሽከረከረ፤ ኋላም ሞተሩ ሞተበት። ዜሮ። በሳምንቱ ማሌዥያ ላይ ከፊት ተነስቶ ሁለተኛ ሆኖ ሲነዳ፣ ማንም ሳይነካው ወጥቶ ጠጠር ውስጥ ተቀበረ። ዜሮ። በዚያ ዓመት ጎማ ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር የሚያግዘው ኤሌክትሮኒክ ተከልክሎ ነበርና፣ ማሳ ያለዚያ እርዳታ መንዳት አይችልም ብለው የሳቁበት ብዙ ነበሩ። እሱ በባህሬን አሸነፈ፤ በቱርክ አሸነፈ፤ በፈረንሳይ አሸንፎ የዓመቱን ውድድር መምራት ጀመረ። ሰው ከፍ ሲል እንዲህ ነው ከፍ የሚለው። ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ሲልቨርስቶን፣ እንግሊዝ፣ ዝናብ። አምስት ጊዜ ተሽከረከረ። አሥራ ሦስተኛ፣ ከጨረሱት ሁሉ መጨረሻ። የዚያን ቀን ሃሚልተን ከአንድ ደቂቃ በላይ በሆነ ልዩነት አሸነፈ። አሥራ ስምንቱ ውድድር እዚያ ላይ እኩሌታው አለቀ፤ ማሳ፣ ሃሚልተንና የማሳ የቡድን ጓደኛ ራይኮነን ሦስቱም 48 ነጥብ ላይ ቆሙ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማሌዥያና ሲልቨርስቶን የግሎክ አይደሉም። የማንም አይደሉም፤ የማሳ ናቸው።

ሃንጋሪ ግን የሱ አይደለችም። ከሦስተኛ ተነስቶ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሃሚልተንን በውጭ በኩል ዞሮ ያለፈበት አኳኋን በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ አይረሳኝም። አብዛኛውን ውድድር መራ። ሦስት ዙር ሲቀረው ሞተሩ ጨሰ። ፒስቶኑን የሚይዘው ቢዬላ ነበር የከዳው። ቢዬላ ሲሰበር ሹፌር ምንም አያደርግም፤ ከጀርባው የሆነ ነገር ሲንኳኳ ይሰማዋል፣ ከዚያ ዝምታ። አሥር ነጥብ እዚያ መንገድ ዳር ቀረ።

ሲንጋፖርም እንዲሁ፤ የሌሊት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገበት ቀን ነው። ሌላ መኪና ግድግዳ ከመታ በኋላ ማሳ ከፊት እየመራ ነዳጅ ሊሞላ ገባ፤ ቱቦው ገና ሳይነቀል አረንጓዴው መብራት በራ። መብራቱን አይቶ ሄደ፤ ምን ያድርግ? ቱቦውን እየጎተተ፣ ቤንዚን እየተንጠባጠበ እስከ መውጫው ደረሰና ቆመ። መካኒኮቹ ያንን ረጅም መንገድ በሩጫ ሄደው ቱቦውን ታገሉት። እኔ ያንን ሳይ የሹፌሩ ሳይሆን የመካኒኮቹ ነገር ነው አንጀቴን የበላው። ዘይት ሳይሞላ የለቀቁትን መኪና ደንበኛ እየነዳ ሲወጣ ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል።

እስካሁን ያስቆጠርኳት የጠፋውን ነው። ሰው ሲሸነፍ ይህንን መቁጠር ማንም አያስተምረውም፤ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። አሁን የተሰጠውን ጻፊ አልኳት።

ቤልጅየም፣ ስፓ። መስመሩን መጀመሪያ ያቋረጠው ሃሚልተን ነበር፤ ዳኞቹ መታጠፊያ ቆርጦ ጥቅም አግኝቷል ብለው 25 ሰከንድ ጨመሩበት፤ ሁለተኛ የነበረው ማሳ አሸናፊ ተባለ። ለማሳ 2 ነጥብ ተጨመረ፣ ከሃሚልተን 4 ተቀነሰ። ጃፓን ላይ ቡርዴ የሚባለው ሹፌር ስለተቀጣ ማሳ ከስምንተኛ ወደ ሰባተኛ ከፍ አለ፤ 1 ነጥብ። ቻይና ላይ ራይኮነን ቦታውን ለቀቀለት፤ 2 ነጥብ። ይኸኛው ብድር ነው፤ በቀደመው ዓመት በራሱ አገር ማሳ ድሉን ለራይኮነን ትቶለት፣ ራይኮነን 110 ለ109 ሻምፒዮን ሆኗል። የዚያን ዓመት በአንድ ነጥብ የተሸነፈው ማን መሰላችሁ? አዲሱ ልጅ ሃሚልተን፣ ከሌላው ሹፌር ከአሎንሶ ጋር እኩል ሆኖ።

ደምሩት። ማሳ የተሰጠው ሁሉ ባይሰጠው 92 ነው፤ ሃሚልተን በስፓ ባይቀጣ 102። በአንድ ነጥብ የተሸነፈው ሰው በአሥር ነጥብ ይሸነፍ ነበር። ይህን ስሠራ እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ለዓመታት ማሳን ተዘርፏል ስል ኖሬ ነበርና።

ሃሚልተንም ቢሆን የዚያን ዓመት ስህተቱ ከማሳ ብዙም አያንስም። ካናዳ ላይ ከነዳጅ መሙያው መውጫ ላይ ቀይ መብራት በርቶ የቆመውን ራይኮነንን ከኋላ ገጭቷል። በአራት ውድድር አንድም ነጥብ አላገኘም። ሞናኮ ላይ ደግሞ ግድግዳ መትቶ ጎማውን ቀድዶ ገባ፤ ያለ ሰዓቱ መግባቱ ግን ጠቀመውና አሸነፈ። ግድግዳ መትተህ አሸንፍ ብሎ የሚመክር የለም፤ ሆነ ግን።

ይህን የምላችሁ ከላይ ሆኜ አይደለም። ወጣት ሳለሁ በአንድ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ፎርማን ልሆን ነበር። ቦታው ለሌላ ተሰጠ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ለአለቃው ስለኔ አንድ ክፉ ቃል ስለተናገረ ነው። መናገሩ እውነት ነው፤ የሰሙ ሰዎች ነግረውኛል። አሥር ዓመት ያህል ያንን ሰውዬ በመንገድ ሳገኘው መንገድ ቀየርኩ። ጡረታ ወጥቼ ሥራ ስፈታ ነው ሌላውን የቆጠርኩት። የዚያን ዓመት ሁለት ጊዜ ካምቢዮ አበላሽቼ አስፈትቻለሁ። ደግሞም መጀመሪያ ያ ጋራዥ ውስጥ የገባሁት ከኔ የተሻሉ ሦስት ልጆች በር ላይ ቆመው ሳሉ፣ አጎቴ ስላናገረልኝ ነው። አጎቴ ተናገረልኝ፣ የግምጃ ቤቱ ሰው ተናገረብኝ። የመጀመሪያውን ቃል ዕድል አልኩት፣ ሁለተኛውን ግፍ።

«ታዲያ ግፍ የሚባል የለም ማለት ነው?» አለችኝ ልጅቱ። ቆንጆ ጥያቄ ነው፤ አለ። የሲንጋፖሩን ውድድር የቀየረው ግጭት ድንገተኛ አልነበረም፤ የሬኖው ሹፌር ፒኬ ጁኒየር የቡድን ጓደኛው አሎንሶ እንዲያሸንፍ ሆን ብሎ ግድግዳ መትቶ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2009 ራሱ አወጣው። ውጤቱ ቢሰረዝ ሃሚልተን ከዚያ ያገኘውን 6 ነጥብ ያጣል፣ ነጥብ ያላገኘው ማሳ የሚያጣው የለም፣ ዋንጫውም የሱ ይሆናል። ማሳ በ2024 ለንደን ውስጥ የዓለም አቀፉን አውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ፎርሙላ ዋንንና የያኔውን አለቃ በርኒ ኤክልስተንን ከሷል። አልፈርድበትም። የተሰረቀ ሰው ይጠይቅ። አንቺም ቅሬታ የሚቀርብበት ቢሮ ካለ ነገ ጠዋት ሂጂ፣ ወረቀቱ እንደገና ይታረም በይ፤ አፍሮ መቅረት ትሕትና አይደለም። ብቻ ስትሄጂ የጎደለሽ ሁሉ በዚያ ሰውዬ እጅ ነው ብለሽ አትሂጂ። ቱቦውን ያስጎተተው ፒኬ አይደለም።

ለማሳ ከኢንተርላጎስ በኋላ ሌላ ድል አልመጣም። በጁላይ 25 ቀን 2009 ሃንጋሪ ላይ ከፊቱ ከሚሄደው ከባሪኬሎ መኪና የወለቀ ሞላ የራስ ቁሩን መትቶ የራስ ቅሉን ሰበረው። በማግሥቱ ዓመት ተመልሶ በመጀመሪያው ውድድር ሁለተኛ ወጣ። አደጋው በደረሰበት ልክ በዓመቱ፣ በዚያው በጁላይ 25፣ ጀርመን ላይ እየመራ ሳለ ያኔ የቡድን ጓደኛው የሆነው አሎንሶ ከሱ እንደሚፈጥን በሬዲዮ ተነገረውና አሳለፈው። ይህን ቀን ስሰማ ለማን እንደማዝን አላውቅም። ማሳ ግን እስከ ፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ በፎርሙላ ዋን ነዳ።

እኔ የማስታውሰው የኢንተርላጎሱን መድረክ ነው። ዝናቡ እየወረደበት፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ለአገሩ ሕዝብ ደረቱን እየመታ ቆመ። ለጋዜጠኞች ማሸነፍንም መሸነፍንም እንደሚያውቅበት ተናገረ። 27 ዓመቱ ነበር። እኔ በ27 ዓመቴ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሰውዬ መንገድ እቀይር ነበር።

ልጅቱ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በር ላይ ደርሳ ዞረችና «ግሎክስ፣ ጋሼ? እሱ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ስለሱ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስድስተኛ ወጣ አልኳት። ጎማ ባይቀይር ይሻለኛል ብሎ አስቦ ነው፤ ከነበረበትም አንድ ቦታ ከፍ ብሎ ጨረሰ። ሦስት ነጥቡን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።